ኳስ የለ፣ ገመድ የለ፣ 58 ልጅ ግን አለ

የሁለተኛ ክፍል መምህርት፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ዘንድሮ የሰውነት ማጎልመሻውም ክፍለ ጊዜ እኔው ላይ ወደቀ። ልጆቹ 58 ናቸው። የነበረችን አንዲት ኳስ የቆርቆሮ አጥር ላይ አርፋ ፈነዳች። ግቢው ጠባብ ነው፣ ግማሹም ሲሚንቶ። እስካሁን አሰልፌ ቁጭ ብድግ ነው የማሠራቸው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መጓተት ይጀምራሉ፣ "ቲቸር ውሃ ልጠጣ" የሚለው ይበዛል። ያለ ምንም ዕቃ ምን ላጫውታቸው? 40 ደቂቃ ረጅም ነው በእውነት!

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ መጀመሪያ ቁጭ ብድጉን ተይው። ሲያጠፉ የሚቀጡበት ነገር እኮ ነው! ትናንት በቅጣት የሠሩትን ዛሬ ጨዋታ ነው ብትያቸው ማን ያምንሻል? ስፖርት ሳስተምር ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ፤ ክፍለ ጊዜውን የሚገድለው የዕቃ እጦት ሳይሆን ቆሞ ተራ መጠበቅ ነው። አባሮሽ ውሰጂ። የተያዘ ይወጣል አይደል? ቀድሞ የሚያዘው ደግሞ ያው ሩጫ የሚከብደው ልጅ ነው፣ ከማንም በላይ መሮጥ የሚያስፈልገው እሱ ሆኖ ሳለ ዳር ቆሞ ሲያይ ያልቃል። ስለዚህ ደንቡን ቀይሪው። የተያዘው እግሩን ከፍቶ ባለበት ይቁም፣ ጓደኛው በእግሮቹ መሃል ሾልኮ ሲያልፍ ይፈታ። አምስት አባራሪ መድቢ፣ በየሁለት ደቂቃው ቀያይሪያቸው። ሲሚንቶው ላይ ግን መሹለክ ይቅር፣ ጉልበት ይልጣል። እዚያ ትከሻውን ነካ ማድረግ ይበቃል።

የኮንዶሚኒየም እናት፦
እኔ አስተማሪ አይደለሁም፣ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ክረምት ላይ ቤት ስንዘጋ ዝላይ አይታሰብም፣ የታችኛዋ ጎረቤቴ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን ትደበድባለች። ስለዚህ የእንስሳ አካሄድ እንጫወታለን። ድመት ስል በእጅና በእግር ኮሽ ሳይሉ መሄድ። ሸርጣን ስል ሆድን ወደ ላይ አድርጎ በእጅና በእግር ወደ ኋላ። ሽመላ ስል በአንድ እግር ቆሞ እስከ 20 መቁጠር፣ ይሄ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፣ እኔ ራሴ አልችለውም። ትንሹ ልጄ ደግሞ ጅብን ፈጠረ፣ ወገቡን ዝቅ አድርጎ እያነከሰ ሲሄድ በሳቅ ገደለን። ዝናብ ሲሆን ክፍል ውስጥ ይሆንልሻል።

ሰኞ ማክሰኞ፦
ጠመኔ አለሽ አይደል መምህርት? ሲሚንቶው ላይ አሥር ቦታ ሰኞ ማክሰኞ ስመሪ። አንድ ቦታ ብቻ ከሠራሽ ያው ሰልፍ ነው። አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እግር ይዝለሉ፣ በግራ ሲሆን ጉዳቸው ይወጣል! እቴሜቴንም አትርሺ። ወንዶቹ መጀመሪያ የሴት ጨዋታ ነው ብለው ይስቃሉ፣ ትንሽ ቆይተው እኛንም አስገቡን ይላሉ። ቀሚስ ለሚለብሱት ከሥር ሱሪ እንዲያደርጉ ለወላጅ ንገሪ፣ አለበለዚያ ተሳቅቀው ዳር ይቀመጣሉ።

ከባሕር ዳር፦
የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይላል። በክፍለ ጊዜው ብቻ አይሞላም። እኔ ሒሳብ መሃል ላይ ሦስት ደቂቃ አስነሣቸዋለሁ፦ መልሱ ተጋማሽ ቁጥር ከሆነ ዝላይ፣ ጎዶሎ ከሆነ እጅ ወደ ላይ። ምገባ እንደጨረሱ ግን አታሩጫቸው፣ ሆዴን ይላሉ።

የሁለተኛ ክፍል መምህርት፦
አባሮሹን ሐሙስ ሞከርኩት። ሁለቱ ተጋጭተው ግንባራቸው አበጠ፣ የጎን ክፍል መምህርም ጩኸት በዛ ብሎ ወጣ፣ ግን ውሃ ልጠጣ ያለኝ የለም! ሁሌ እግሬን አመመኝ የሚል ትንሽዬ ልጅ አለ፣ እንደ አይጥ እየሾለከ ስንቱን ፈታ መሰላችሁ። አንድ ችግር፦ ሁሉም አባራሪ ልሁን ይላል። እንዴት ነው የምትመርጡት?

ጡረተኛው፦
በስም ተራ ጥሪ ልጄ። ከ"ሀ" ሳይሆን ከ"ፈ" ጀምረሽ ወደ ኋላ። እነ ፍቅርተ ሁሌ መጨረሻ ናቸው።