አይቪኤፉ አልተሳካም፣ ክሊኒኩን ልጠይቅ ወይስ ዝም ልበል?

ዝምተኛዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ሁለተኛው የአይቪኤፍ (እንቁላልና ስፐርም ላብራቶሪ ውስጥ አገናኝቶ ወደ ማህፀን የማስገባት ሕክምና) ዙራችን ከ12 ቀን በፊት ከሸፈ። ነርሷ ስትደውል ሥራ ቦታ ኮሪደር ላይ ነበርኩ፣ ወረቀት ታቅፌ። "ውጤቱ ኔጋቲቭ ነው፣ ፕሮጀስትሮን የሚባለውን ሆርሞን አቁሚ፣ የወር አበባሽ ሲመጣ ደውይልን" አለች። በቃ። አንድ ደቂቃ እንኳን አልሞላም። "እሺ፣ አመሰግናለሁ" ብዬ ዘጋሁት። ለምን እንዳመሰገንኳት እስካሁን አልገባኝም።

ሐዘኑ አንድ ነገር ነው፣ ንዴቱ ደግሞ ሌላ። 11 እንቁላል ወጣ አሉኝ። ሰባቱ ዳብረዋል ተባለ። እስከ አምስተኛው ቀን እናቆያቸዋለን ብለውን ነበር፣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን ድንገት "ዛሬ ኑ" ተባልን፣ ሄድን፣ አንድ ኤምብርዮ፣ ማለትም ከዳበሩት አንዱ፣ ማህፀኔ ውስጥ ገባልኝ፣ ሌሎቹስ ብዬ ስጠይቅ "ሐኪምሽ ያስረዳሻል" አሉኝ። ያስረዳኝ ሰው የለም። ለአልትራሳውንድ አራቴ ስመላለስ ያዩኝ ሦስት የተለያዩ ሐኪሞች ናቸው። አንደኛው ጭራሽ የመጀመሪያ ዙሬ መስሎት ነበር።

ባለቤቴ "ተይው፣ አሁን መጨቃጨቅ ምን ያመጣል" ይለኛል። እኔ ደግሞ እውነት ያጠፉት ነገር ኖሮ ይሁን ወይስ ሐዘኔን የምወጣበት ሰው ፈልጌ፣ መለየት አቃተኝ። ቀጠሮ ብይዝም አልቅሼ፣ አንድም ነገር ሳልጠይቅ እንደምወጣ አውቀዋለሁ። የመርፌዎቹ ቢጫ ሴፍቲ ቦክስ አሁንም መታጠቢያ ቤት መደርደሪያ ላይ ነው። ጥርሴን በፋቅኩ ቁጥር እንተያያለን።

አንድ የማፍርበት ነገርም አለ። ትራንስፈሩ (ኤምብርዮውን ማስገባቱ) ከተደረገ በአራተኛው ቀን ከባድ ዕቃ አንስቻለሁ። እሱ ይሆን?

ሦስቴ የሞከረች፦
እህቴ፣ ዕቃውን አሁኑኑ ከራስሽ አውርጂው። እሱ አይደለም። ከትራንስፈር በኋላ አልጋ ላይ መዋል ራሱ እንደማይጠቅም የታወቀ ነው። ጭንቀትሽም አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. 14 ጥናቶች አንድ ላይ ታይተው ነበር፣ ከ3,500 በላይ ሴቶች ያሉባቸው፤ ከሕክምናው በፊት የነበረ ጭንቀትና ማርገዝ አለማርገዝ አልተያያዙም። "አትጨነቂ እንጂ ይመጣል" የሚሉሽን በአንድ ጆሮ ሰምተሽ በሌላው አፍስሺ። እኔ ሦስተኛው ላይ እንደ ጉድ ተጨንቄ ነው ያረገዝኩት፣ ሁለተኛው ላይ ደግሞ ተረጋግቼ ከሸፈ።

ለቅሶውን በተመለከተ፣ አልቅሺ። እኔ ጥያቄዎቼን ወረቀት ላይ ጽፌ ለባሌ ሰጠሁት። ከቀጠሮው ሳምንት በፊትም ኮፒውን ለክሊኒኩ ላክን፣ "ፋይሉን ሳላይ ምን ልበልሽ" እንዳይሉኝ። ገና ወንበር ላይ ቁጭ ስል እንባዬ መጣ። ዶክተሩ ሶፍት አቀበሉኝ፣ ባሌ ማንበቡን ቀጠለ። ስድስቱም ጥያቄ ተመለሰ።

ላብራቶሪ ውስጥ የነበርኩ፦
ኤምብርዮ ላብራቶሪ ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ፣ በግልጽ ልንገርሽ። ከ11 ሰባት መዳበሩ ደህና ነው። የወጣ እንቁላል ሁሉ የበሰለ አይደለም፣ ያልበሰለ ደግሞ አይዳብርም። ከዳበሩትም አምስተኛው ቀን የሚደርሱት አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ገደማ ናቸው፣ አንዳንዴም ያንሳሉ። ሦስተኛው ቀን ላይ ኤምብርዮ ስምንት ሴል አካባቢ እንዲሆን ነው የምንጠብቀው። ደህና የሚከፋፈሉት አንድ ሁለት ብቻ ሆነው ከታዩ፣ አምስተኛው ቀን ላይ ባዶ እጅ ከመቅረት ዛሬ እናስገባ የሚል ሐኪም ብዙ ነው። ስለዚህ ውሳኔው ትክክል ሊሆን ይችላል። አለመንገራቸው ግን ስህተት ነው፣ እሱን ማንም አያስተባብልልሽም።

የፋይልሽን ኮፒ ጠይቂ። የሐኪሙን ማጠቃለያ ብቻ ሳይሆን የላብራቶሪውንም ወረቀት፣ እያንዳንዱ ኤምብርዮ በየቀኑ ምን እንደነበር የተጻፈበትን። ስንቱ እንቁላል በስሎ ነበር? በሦስተኛው ቀን እንዲገባ ማን ወሰነ? የቀሩት ስድስቱ ተጣሉ ወይስ ለሌላ ጊዜ ቀዝቅዘው ተቀምጠዋል? የማህፀንሽ ግድግዳ ውፍረት ስንት ነበር፣ ሲያስገቡስ አስቸግሯቸው ነበር?

መልሱ "ምክንያቱ አይታወቅም" ሊሆን እንደሚችልም ካሁኑ እወቂ። ብዙውን ጊዜ የማይይዘው ኤምብርዮው ራሱ የክሮሞዞም ችግር ስላለበት ነው፣ ዕድሜ ሲጨምር ይሄም ይጨምራል፣ ማንም ያጠፋው ነገር የለም። ብቻ በዚህ ሰዓት ተጨማሪ ነገር ሊሸጥልሽ የሚሞክር አይጠፋም። የማህፀን ግድግዳ መጫር የሚባለው ለምሳሌ ስንት ዘመን ሲደረግ ከርሞ በ2019 እ.ኤ.አ. ከ1,300 በላይ ሴቶች ላይ ሲፈተሽ ምንም ለውጥ አላመጣም። "ይሄ ልጅ የመውለድ ዕድሌን ይጨምራል ወይ?" ብለሽ ጠይቂና ፊታቸውን እይ።

ቀስ በይ፦
እኔ ግን አሁን አትሂጂ ባይ ነኝ። ገና 12 ቀን ነው።  ሁለት ወር ቆይተሽ ብትሄጂ የተሻለ ይገባሻል።

ሦስቴ የሞከረች፦
ቀጠሮው ይቆይ ካልሽ ይቆይ፣ ፋይሉን ግን ዛሬውኑ ጠይቂ። ቢረሳ የሚረሳው የነሱ ነው፣ ያንቺማ መቼ ይረሳል። ሌላ ሐኪም ጋ ለመሄድ ብትወስኚም ያስፈልግሻል።

ባልየው፦
ስለ ባልሽ አንድ ነገር ልበል። እኔም "ተይው" ባይ ነበርኩ። ለምን መሰለሽ፣ ምክንያቱ ሲፈለግ ሲፈለግ የኔ ስፐርም ላይ እንዳይመጣ ፈርቼ ነው። ይሄን ለሚስቴ ለመንገር ስምንት ወር ፈጀብኝ። ያንቺውን አላውቀውም፣ ግን ጠይቂው፣ ሲመሽ፣ መብራት ሳይበራ።

ደብዳቤ የምትጽፊ ከሆነ ደግሞ ሁሉን ነገር አንድ ላይ አትቆልዪው። የሕክምናው ጥያቄ ለብቻ፣ የአያያዙ ቅሬታ ለብቻ ይሁን። ሦስት ሐኪም መፈራረቁና የስልኩ ነገር ቅሬታ ነው፣ የሦስተኛው ቀን ነገር ጥያቄ ነው። እኛ ቀላቅለን ጽፈን "ስለተሰማችሁ ቅር መሰኘት እናዝናለን" የምትል አንዲት መስመር ነው የመጣልን። መልስ መቼ እንደምትጠብቂ ቀኑን ጻፊበት። ዝም ካሉሽ ክሊኒኮችን የሚቆጣጠር የመንግሥት አካል አለ፣ እዚያ የምታቀርቢው ደብዳቤ በእጅሽ ይኖራል።

ዝምተኛዋ፦
ሁላችሁንም አነበብኳችሁ፣ ሁለት ሁለቴ። ባልየው፣ ትናንት ማታ ጠየቅኩት። ፈርቶ የነበረው የስፐርሙን ነገር አይደለም። ስልኩ የተደወለልኝ ቀን የነርሷን ጥሪ እሱም አይቶት ነበር፣ ቀድሞ የተደወለው ለሱ ነው፣ ስብሰባ ላይ ስለነበር አላነሳውም። "ባነሳው ኖሮ ቤት መጥቼ ራሴ እነግርሽ ነበር" አለኝ። አሥራ ሁለት ቀን ይሄን ይዞ ነው የቆየው።

ዛሬ ጠዋት ደወልኩ። ፋይሉን ሐሙስ መጥታችሁ ውሰዱ አሉን፣ የላብራቶሪውን ወረቀት ስል ትንሽ ተንተባተቡ፣ ግን እሺ አሉ። የሐኪሙን ቀጠሮ ለቀጣዩ ወር ያዝኩት። የመጀመሪያው ጥያቄ የስድስቱ ኤምብርዮዎች ነው። ባለቤቴ ያነባል፣ እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ሴፍቲ ቦክሱንም ሐሙስ ይዘነው እንሄዳለን፣ እዚያው ይጣሉት።