የ9 ሳምንት ቡችላ፦ ነጠላ ይጎትታል፣ እንግዳ ላይ ይዘላል። ሳይመታ ሥርዓት ይይዛል?

የአቶቴዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሀዋሳ፣ አቶቴ ነን። ግቢያችንን ሦስት አባወራ እንጋራዋለን። አሁን አንድ የ9 ሳምንት ወንድ ቡችላ ገብቷል፣ ቡቺ ብለነዋል። ማደሪያው በረንዳ ላይ ነው፤ ቤት አይገባም። ሰው ሲመጣ ይዘልበታል፣ የነጠላና የቀሚስ ጫፍ ነክሶ ይጎትታል፣ የልጆቹን እጅ ይነክሳል (የ4 እና የ7 ዓመት ናቸው)፣ በረንዳው ላይ ይሸናል። ዘበኛችን «ጋዜጣ ጠቅልላችሁ አፍንጫውን በሉት» ይላል። በጉርሻ ማስተማር ይሻላል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ግን ሁለት ነገር ያሳስበኛል። ምግብ ካላየ የማይታዘዝ ሆዳም አይሆንም? ሲያድግስ ሌባ ሥጋ ቢወረውርለት ጭራውን እየቆላ አይቀበለውም? ከሀ እስከ ፐ የሚያስረዳኝ አለ?

ታቦር_ሥር፦

እህቴ፣ ቡቺ እኮ ማንም ሳያስተምረው እየተማረ ነው። ሲዘል ልጆቹ ይስቃሉ፣ እንግዳዋ ትጮኻለች፣ ዘበኛው በእጁ ይገፋዋል። ለእኛ ሦስቱ የተለያዩ ናቸው፤ ለእሱ ሦስቱም ጨዋታ ናቸው። ጉርሻውን ቀድሞውንም እየበላ ነው፤ የሚቀረው በምን ሥራ እንደሚበላ መወሰን ነው።

መጀመሪያ አንድ የምልክት ቃል ያዙ። «ጎሽ» ይበቃል፤ አጭር ነው፣ የግቢው ሰው ሁሉ አፉ ላይ አለ። ለሁለት ቀን ምንም ሳታዢው «ጎሽ» በይና ወዲያው ጉርሻ ስጪው። በአንድ ጊዜ 10 ያህል፣ በቀን 3 ጊዜ። ቃሉን ሲሰማ ካለበት ዞር ብሎ ካየሽ ገብቶታል ማለት ነው። ቃሉ ይቅደም፣ እጅሽ ይከተል። ብዙ ሰው የሚበላሽበት እዚህ ጋ ነው፤ እጁ አስቀድሞ ኪሱ ይገባል፣ ቡችላውም ቃሉን ትቶ ኪስ ማየት ይማራል። ከዚያ በኋላ «ጎሽ» የሚባለው የምትፈልጊውን ባደረገበት ቅጽበት ነው። 3 ሰከንድ ከዘገየሽ የከፈልሽው ለሌላ ሥራ ነው፤ ቁጭ ብሎ ከተነሳ በኋላ ከሰጠሽው መነሳቱን አስተማርሽው።

ጉርሻው ከአተር ፍሬ አይበልጥ። የተቀቀለ ቀይ ሥጋ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ወይም ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የመጣ ቆሮሶ ዓሣ ተቀቅሎ እሾሁ በጣት ተለቅሞ ይሆናል። ጉበት ከሁሉም ይወደዳል፤ 100 ግራም የተቀቀለ ጉበት ግማሽ ግማሽ ግራም ሆኖ ሲከተፍ 200 ጉርሻ ይወጣዋል። ግን ሲበዛ ሆዱን ስለሚያላላ ለከባዱ ትምህርት ብቻ አስቀምጪው። ጉርሻ በጠቅላላው የቀን ምግቡን አንድ አሥረኛ አይለፍ፣ ከምግቡም ላይ ይቀነስ። ከወጥ ምንም አይሰጠው፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው።

«ቁጭ በል» ቀላሉ ነው። ጉርሻውን አፍንጫው ጋ አስጠግተሽ ቀስ ብለሽ ከጭንቅላቱ በላይ ወደ ኋላ ውሰጂው። አንገቱ ሲቀና ቂጡ መሬት ይነካል፤ በነካበት ቅጽበት «ጎሽ»። እጅሽን ከፍ ካደረግሽው ይዘላል፣ ስለዚህ ከአፍንጫው ብዙ አይራቅ። 5 ወይም 6 ጊዜ ከተሳካ በባዶ እጅ ያንኑ እንቅስቃሴ አድርጊና ጉርሻውን ከሌላው እጅ ስጪው። ቃሉን የምትጨምሪው እጅሽን እያየ በእርግጠኝነት መቀመጥ ሲጀምር ነው። አንድ ልምምድ ከ3 ደቂቃ አይለፍ፤ በቀን 4 ጊዜ በቂ ነው።

ዋናው ችግርሽ ግን በሩ ላይ ነው። የእኛ ሰላምታ ረጅም ነው፤ መጨባበጡ፣ ትከሻ መሳሳሙ፣ የልጆቹ ደኅንነት፣ የከብቱ ደኅንነት... ቡችላ ይህን ሁሉ መሬት ላይ ሆኖ ሊጠብቅ ነው። ስለዚህ ሰላምታውን ራሱን ተለማመዱት። በሩ ጋ ክዳን ያለው ጣሳ ውስጥ ጉርሻ ይሰቀል። ከቤተሰቡ አንዱ ወጥቶ ይግባ። ቡቺ ከዘለለ የገባው ሰው ዞር ይበል፣ እጁን ይሰብስብ፣ አይየው፣ አይናገረው። አራት እግሩ መሬት ሲነካ «ጎሽ»፣ ጉርሻውም መሬት ላይ ይጣልለት። ከላይ የሚሰጥ ምግብ ራሱ ወደ ላይ ይስበዋል። በተከታታይ 5 ጊዜ ይገባ፣ ይወጣ። ሲለምድ ሁለታችሁ ቆማችሁ እውነተኛ ሰላምታ ተለዋወጡ፣ ቆሞ ከጠበቀ በየ3 ሰከንዱ አንድ ጉርሻ መሬት ላይ፣ ከዚያ በየ5፣ በየ10 ሰከንዱ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ነጭ ለብሰው የሚመጡ እናቶች ላይ ግን ልምምድ የለም። እነሱ ሳይገቡ በፊት አንድ ሜትር ተኩል ገመድ ላይ ይታሰር፣ የሚያኝከው ነገርም ይሰጠው። ያልተማረውን አስፈትኖ ማስነቀፍ ለማንም አይጠቅምም።

ነጠላውን ሲይዝ አትሳቡት። ስትስቢው ጉተታው ይጥመዋል። ቆም በይ፣ ጨርቁ ይርገብ፣ ሲለቅ «ጎሽ»። ካልለቀቀ ጉርሻ አፍንጫው ጋ አስጠጊለትና ሲለቅ ስጪው፤ ይህን ግን አታዘውትሪው፣ ለመሸለም ብሎ መያዝ ይጀምራል። የተሻለው በአሮጌ ሻሽ መለማመድ ነው። መጀመሪያ ሻሹ መሬት ላይ ዝም ብሎ ይቀመጥ፤ አይቶት ወደ አንቺ ፊቱን ከመለሰ ይከፈለው። ቀጥሎ ሻሹ በቀስታ ይንቀሳቀስ፣ ከዚያ ወገብ ላይ ታስሮ ይሄድ። ከሸፈተባችሁ ፈጥናችኋል፣ አንድ እርምጃ ተመለሱ።

ደግሞ ቃል አንድ ይሁን። አንዱ «ና»፣ አንዱ «ኩቲ»፣ ዘበኛው በሲዳምኛ፣ ልጆቹ በጩኸት ከጠሩት አራት ቋንቋ መማር አለበት። ሦስቱም አባወራ ተሰብስባችሁ አራት ቃል ምረጡና በር ላይ ለጥፉት፦ ጎሽ፣ ቁጭ በል፣ ና፣ ተው።

የእንስሳት_ሐኪም፦

ከላይ የተባለው ልክ ነው። ስለ ንክሻውና ስለ ጤናው ልጨምር።

የወተት ጥርሱ ከ3 ወር ገደማ ጀምሮ እየረገፈ እስከ 6 ወይም 7 ወሩ በቋሚ ጥርስ ይተካል፤ እስከዚያ ማኘክ አይቀርለትም። የራሰ ፎጣ ቋጥራችሁ ፍሪዘር ውስጥ አኑሩና ስጡት፣ ድዱን ያበርድለታል። የዶሮ አጥንት አይሰጠው፤ የተቀቀለው ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

ልጆቹ «እንደ ዛፍ መቆም» ይልመዱ። ሲነክስ እጅ ይታጠፍ፣ እግር ይቁም፣ ድምፅ አይኑር። እየጮኹ መሮጥ ማሳደድን ነው የሚጋብዘው። ለትልልቆቹ ደግሞ፦ ጥርስ ቆዳ ሲነካ ጨዋታው ይቁም፣ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ከእሱ ራቁ፣ ተመልሳችሁ አሻንጉሊት ወይም ገመድ አቅርቡለት። የ4 ዓመቷ ልጅ አጠገብ አዋቂ ሳይኖር ከቡችላው ጋር አትተው። ብዙ ጊዜ ማታ ማታ እንደ እብድ የሚነክሰው ድካም ነው፤ በዚህ ዕድሜ በቀን 18 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት። ግቢው ሙሉ ልጅ ሲሆን ማን ያስተኛዋል!

ከ3 እስከ 14 ሳምንት ገደማ ያለው ጊዜ ቡችላ ዓለምን የሚለምድበት ነው። የባጃጅ ድምፅ፣ ጃንጥላ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ ጺም ያለው ሰው፣ ልጅ የሚገፋው ጎማ፣ ሁሉንም በዚህ ጊዜ ከለመደው ሲያድግ ብዙም አያስፈራውም። ከእናንተ ጋር የቀረው 5 ሳምንት ያህል ነው። ክትባቱ እስኪያልቅ ደግሞ መንገድ ላይ አይሄድም። የፓርቮና የዲስቴምፐር (ሁለቱም ቡችላ የሚገድሉ የቫይረስ በሽታዎች ናቸው) ክትባት ከ6–8 ሳምንት ተጀምሮ በየ3–4 ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንት ይደገማል፤ የፓርቮ ቫይረስ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። መፍትሔው ታቅፎ መውጣት ነው። በሩ ላይ አቅፋችሁት ተቀመጡ፣ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አንድ ጉርሻ። ከተንቀጠቀጠ ወይም ጉርሻውን እንቢ ካለ በጣም ቀርባችኋል፣ ወደ ውስጥ ግቡ። ሐይቁ ዳርና ዓሣ ገበያው የባዘኑ ውሾች ስለሚበዙበት ለጊዜው ይቅር።

የእብድ ውሻ ክትባት በ12 ሳምንቱ ይወጋ። ከዚያ በፊት ጥርሱ የልጅ ቆዳ ከበሳ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱ፤ «የራሳችን ቡችላ ነው» አይባልም።

አንድ የበዓል ማሳሰቢያ። ከታረደው በግ ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ፊኛ ካያችሁ ለውሻ እንዳትወረውሩ፤ ይቃጠል ወይም በጥልቀት ይቀበር። ፊኛው ውስጥ ያለው የትል እጭ በውሻው አንጀት ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ያንኑ ፊኛ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያመጣል። ጉበት በጥሬው የማይሰጠው ለዚህ ነው።

አሮጌው_ዘበኛ፦

ልጆች፣ ውሻ በጉርሻ ግቢ አይጠብቅም። ቀን ታስሮ ማታ ሲፈታ ነው ኃይለኛ የሚሆነው። ጅብ ሲመጣ «ጎሽ» ልትሉት ነው?

ታቦር_ሥር፦

ጋሼ፣ በአክብሮት፣ ጅቡ ሲመጣ ቢጮህ እኔም «ጎሽ» እለዋለሁ! ቀን ሙሉ የታሰረ ውሻ ባጃጁንም ድመቱንም ቅጠሉንም ይጮኽበታል። በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲጮኽ ታዲያ ማን ይነሳለታል? የጥበቃ ውሻ ጥቅሙ የቤቱን ሰው ከባዕድ መለየቱ ነው፤ እሱም የሚመጣው ሰው በማየት ነው። በእጅ የተመታ ደግሞ እጅ ይፈራል። ሲያጉረመርም የተመታ ማጉረምረሙን ይተዋል፤ ፍርሃቱ ግን አይለቀውም፣ ከዚያ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። መጀመሪያ የሚያገኘውም የልጅ እጅ ነው።

የሌባውን ሥጋ በተመለከተ፣ «ተው» የሚማረውም በጉርሻ ነው። ጉርሻ በጭብጥሽ ይዘሽ አቅርቢለት። ይልሳል፣ ይቧጥጣል፣ ዝም በይ። አፍንጫውን ሲያርቅ «ጎሽ»፣ ከሌላው እጅ ስጪው። ከዚያ እጅሽ ይከፈት፣ ከዚያ መሬት ላይ ይሁንና በጫማሽ ለመሸፈን ተዘጋጂ፣ በመጨረሻ ሌላ ሰው ከአጥር ውጭ ይወርውር። «ተው» የተባለበትን ቁራጭ መልሰሽ በጭራሽ አትስጪው። ይህ ወራት የሚፈጅ ትምህርት ነው፤ መርዝ ላለበት ሥጋ ግን ማንም ዋስትና አይሰጥሽም። ማታ መኝታው ከመንገዱ አጥር ይራቅ።

የአቶቴዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስድስተኛ ቀናችን ነው። «ቁጭ በል» ገብቶታል፤ ግን እጄ ባዶ ከሆነ ያየኝና ይሄዳል። ዝላዩ ደግሞ አራተኛው ቀን ላይ ባሰበት። ሽንቱም እንዳለ ነው፣ ውጭ ወስጄው ምንም ሳያደርግ ይመለስና በረንዳው ላይ ይለቀዋል። ጣሳውን ጉንዳን ወረረው።

ታቦር_ሥር፦

ባዶ እጅሽን ካወቀ ጉርሻውን ለረጅም ጊዜ እያሳየሽው አዘሻል ማለት ነው። ጉርሻው ከሰውነትሽ ይውጣ፤ መስኮቱ ላይ፣ ግንቡ ላይ ይቀመጥ። በባዶ እጅ አዝዢው፣ ሲቀመጥ «ጎሽ» በይና ሄደሽ አምጪለት። ይህን ሲለምድ በየጊዜው ሳይሆን አንዴ በሁለት፣ አንዴ በአራት እያደረግሽ አዘባርቂበት። ያልሰጠሽው ጊዜ ማሻሸት ወይም በሩን መክፈት ይክፈለው። ሆዳምነቱም የሚቀረው በዚሁ ነው።

አራተኛው ቀን ላይ መባሱ ጥሩ ምልክት ነው። ሲሠራለት የነበረው ሲቀርበት ትቶት ከመሄዱ በፊት በኃይል ይሞክራል። አደጋው እዚያ ላይ ነው፤ አንድ ሰው በዚያ ሰዓት ከሳቀለት ወይም ከገፋው፣ ጠንክሮ መዝለል እንደሚያዋጣ ይማራል። ዘበኛውን ለብቻ አናግሪው፤ ጉርሻውን የሚጥለው እሱ ራሱ ቢሆን ጥሩ ነው።

ሽንቱን ሰዓት ይዘሽ ሥሪው። እንደነቃ፣ ከበላ በኋላ፣ ከተጫወተ በኋላ፣ በመሃልም በየሰዓቱ ወደ አንድ የተወሰነ ሣር በገመድ ይውጣ፤ ያለ ገመድ ሽንቱን ትቶ ቅጠል ያባርራል። ቆመሽ 5 ደቂቃ ጠብቂ፣ አታጫውቺው። ከሸና እዚያው ቆመሽ ስጪው፤ በረንዳ ደርሰሽ ከሰጠሽው የከፈልሽው ለመመለሱ ነው። ካልሸና በረንዳው ላይ ልቅ አይሁን፤ አቅፈሽው ወይም በአጭር ገመድ አጠገብሽ አድርገሽው 10 ደቂቃ ቆይተሽ መልሰሽ ውሰጂው። የሸናበትን በሳሙና እጠቢና አቼቶ ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅለሽ አፍስሺበት። በረኪና ሽንት ላይ አታፍስሺ፣ የሚያፍን ጋዝ ያወጣል። አፍንጫውን እዚያ ላይ ማሸት የሚያስተምረው ከሰው ተደብቆ መሽናትን ብቻ ነው።

ጣሳው ላይ ጉበት አይቀመጥ፤ በሀዋሳ የቀን ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይም። ለበሩ የደረቀ ዳቦ ቁራጭ ይበቃል፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ፕላስቲክ ዕቃ። ጉበቱን ፍሪጅ ውስጥ አድርጊና ለ«ና» አቆዪው።