አንድ ብርጭቆ ወይን ጠጣሁ፣ ወሬው ቤት ደረሰ። ጥፋቴ ምንድን ነው?

የአራት ኪሎዋ
ባለፈው አርብ ከሥራ ስንወጣ ከሦስት ባልደረቦቼ ጋር ፒያሳ አካባቢ እራት በላን። ሁለት ሴት፣ ሁለት ወንድ ነን። ወንዶቹ ቢራ አዘዙ፣ እኔና ጓደኛዬ አንድ አንድ ብርጭቆ ቀይ ወይን። አወራን፣ ሳቅን፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ተለያየን። በማግስቱ ጠዋት እናቴ ደወለች። "መጠጥ ጀመርሽ አሉ?" አለችኝ። ለካ የሰፈር ሰው አይቶኝ ኖሯል።

ዕድሜዬ 26 ነው። ሠርቼ ነው የምበላው። እናቴ ራሷ ለፋሲካ ጠላ ትጠምቃለች፣ ለገና ጠጅ ትጥላለች፣ ልጅ ሆኜ በስኒ ቀድታ "ቅመሺ፣ ጣፍጧል?" ትለኝ ነበር። አባቴ ከሥራ ሲመለስ ግሮሰሪ ጎራ ብሎ ሁለት ቢራ ይጠጣል፣ ማንም ስልክ አይደውልም። እኔ የምለው ይሄ ነው፦ ወጣት ሰው አልፎ አልፎ፣ ከምግብ ጋር፣ ከጓደኞቹ ጋር ወይን ቢጠጣ ነውርም አይደለም፣ በሽታም አይደለም። የማይስማማ ካለ ይምጣ፣ በደንብ እንከራከር።

የፒያሳ ልጅ
እህቴ፣ ያ የደወለው ሰውዬ አጠገብሽ ቢራ የያዙትን ሁለት ወንዶች አላየም? አይቷል። የእነሱ እናት ጋ ግን አልደወለም። እኔ 28 ዓመቴ ነው፣ እስከ ዛሬ ጠጣህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሴት ብርጭቆ ስታነሳ ግን ሰፈሩ በሙሉ ዘመድ ይሆናል። ለኔ ክርክሩ እዚህ ላይ አለቀ።

የማኅበር ልጅ
አላለቀም ወንድሜ። አርብ ነበር አለች እኮ። አርብ ጾም ነው፣ እናት በዚህ ብታዝን አይፈረድባትም። ቤተ ክርስቲያን ወይንን አልረገመችም፤ ጥር 12 ቃና ዘገሊላን የምናከብረው ውሃው ወይን ጠጅ የሆነበትን ሰርግ እያሰብን ነው። እኔን የሚከነክነኝ መጠጡ ከበዓልና ከማዕድ ወጥቶ የየሳምንቱ መዝናኛ መሆኑ ነው። ለበዓል የተጠመቀ ጠላ መጨረሻ አለው። ጋኑ ሲያልቅ አለቀ፣ እስከ ሚቀጥለው በዓል ደህና ሁን ነው። ሬስቶራንት ውስጥ ግን የሚያልቅ ጋን የለም። እናትሽ የፈሩት ይህንን ይመስለኛል።

የአራት ኪሎዋ
አርብ መሆኑን አልክድም። የበላነው የጾም ነበር፣ ወይኑን ግን አላሰብኩበትም። እሱን ከንስሐ አባቴ ጋር እጨርሳለሁ። የጋኑ ነገር ግን እውነት ነው፣ እንዲህ አስቤው አላውቅም። ግን ቅዳሜ ቢሆንስ ኖሮ? እናቴ አትደውልም ነበር? ትደውል ነበር።

ነርስ ነኝ
ነውር ነው፣ አይደለም የሚለውን ለእናንተ ልተው። "በሽታ አይደለም" ያልሽው ላይ ግን ዝም ማለት አልችልም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆቹ በ2023 መጀመሪያ ላይ በግልጽ ተናግሯል፦ ለጤና ጉዳት የለውም ሊባል የሚችል የአልኮል መጠን የለም። አልኮል ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች ምድብ ውስጥ ነው ያለው፣ ሲጋራም እዚያው ምድብ ነው። ቢራ፣ ወይን፣ አረቄ ብሎ ልዩነት የለም፣ ጉዳቱ ከአልኮሉ ነው። የጡት ካንሰር ስጋት ደግሞ በትንሽ መጠንም ከፍ ይላል። አንድ ብርጭቆ ስለጠጣሽ ነገ ትታመሚያለሽ እያልኩ አይደለም። ስጋቱ የሚጨምረው በመጠኑና በድግግሞሹ ነው። ግን "ምንም አይደለም" እና "ትንሽ ነው" አንድ አይደሉም።

ሒሳቡንም እንወቀው። ወይን ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 14 በመቶ አልኮል አለው። 150 ሚሊ ሊትር ወይን ውስጥ ያለው አልኮል 5 በመቶ በሆነ ባለ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ውስጥ ካለው ጋር ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ያቺ ብርጭቆሽ የባልደረባሽ አንድ ቢራ ናት። ባለ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 5 ብርጭቆ ይወጣዋል። "ለሁለት አንድ ጠርሙስ ወይን ብቻ ነው የጠጣነው" የሚሉኝ ሰዎች እያንዳንዳቸው ሁለት ቢራ ተኩል ያህል መጠጣታቸውን አያውቁትም።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፣ እኛ ጋ በጣም ስለሚያጋጥም ነው። ለአሜባና ለጃርዲያ ሜትሮኒዳዞል ወይም ቲኒዳዞል የታዘዘለት ሰው መድኃኒቱን ጨርሶም ለጥቂት ቀናት አልኮል እንዳይነካ ነው የምንመክረው። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ደግሞ ጉበቱ ላይ ሌላ ሸክም መጫን የለበትም። ብዙ ሰው ቫይረሱ እንዳለበት እንኳ አያውቅም። ተመርመሩ።

የፒያሳ ልጅ
ቀይ ወይን ለልብ ጥሩ ነው ሲባል ነው ያደግነው እኮ። እሱስ የት ሄደ?

ነርስ ነኝ
በፊት ትንሽ የሚጠጡ ሰዎች ጭራሽ ከማይጠጡት የተሻለ ልብ ያላቸው የሚመስሉ ጥናቶች ነበሩ። ችግሩ "የማይጠጡ" ተብለው ከተቆጠሩት መካከል ታመው መጠጥ ያቆሙ ሰዎች ነበሩበት። የታመመን ሰው ከጤነኛ ጋር አወዳድረህ መጠጡን ማመስገን አይሆንም። ትንሽ የሚጠጡት ደግሞ ብዙ ጊዜ የተሻለ ገቢና የተሻለ ምግብ ያላቸው ናቸው። ለልብህ ብለህ ከሆነ የምትጠጣው፣ ተወው። በእግርህ ሂድ። ደስ ብሎህ ከሆነ ደግሞ ደስ ብሎኝ ነው በል።

አስተናጋጁ
መሀል ከተማ ሬስቶራንት ውስጥ ስሠራ 6 ዓመት ሆነኝ። ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜ የማየውን ልንገራችሁ።

ወይን የሚያዝ ወጣት በጣም ጨምሯል። ድሮ ደንበኛው የሚያውቀው ጉደርንና አክሱማይትን ነበር። ካስቴል ዝዋይ ላይ ወይን ተክሎ ሪፍት ቫሊና አካሺያን ማውጣት ከጀመረ ወዲህ ሰው ደረቅ ነው፣ ከፊል ጣፋጭ ነው ብሎ መምረጥ ለመደ። እዚሁ ባገራችን መሬት የበቀለ ወይን ስቀዳ እኔ ራሴ ደስ ይለኛል። ግን አብዛኛው ልጅ የሚጠጣው በኮካ ወይም በስፕራይት ቀላቅሎ ነው። ጣፋጩ አልኮሉን ይደብቀዋል። እንደ ለስላሳ ይወርዳል። ወይኑን ብቻውን የሚጠጣው ሰው አንዷን ብርጭቆ አንድ ሰዓት ሲያቆያት፣ የሚቀላቅለው በዚያው ሰዓት ሦስት ይደግማል፣ ከዚያ ሊነሳ ሲል ነው የሚገባው።

ሁለተኛ፣ ሕጉ። በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አዋጅ፣ ቁጥር 1112፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ይከለክላል። በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ማስታወቂያውንም ያስቆመው እሱ ነው። ማስታወቂያው በእርግጥ ጠፋ። ዕድሜ ግን ማን ይጠይቃል? እኔ መታወቂያ አሳየኝ ያልኩት ልጅ ሰድቦኝ ወጥቶ ቀጥሎ ካለው ቤት ገባ። እዚያ ቀዱለት። አለቃዬም "ደንበኛ አባረርክ" አለኝ።

ሦስተኛውን ነው በጣም የማዝንበት። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሰው በቃኝ ይላል። "በሞቴ!" ይሉታል። "እኔ ልሙት አንዲት ብቻ!" ይቀዳል። በጉርሻ የለመድነውን በመጠጥም አመጣነው። እንጀራ ሆድ ሲሞላ ያበቃል፣ መጠጥ ግን እንደዛ አይደለም። አንዴ አንዲት ልጅ በምልክት "ውሃ ቅዳልኝ" ብላኝ በወይን ብርጭቆ ውሃ ሳመላልስላት አምሽቻለሁ። ጓደኞቿ ናቸው እንግዲህ፣ ጠላቶቿ አይደሉም።

ያቆምኩት
የአስተናጋጁን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። እኔ በ22 ዓመቴ የጀመርኩት እንደዚያው ነው፣ ወይን በኮካ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከጀለሶቼ ጋር። ቢራ አልወድም ነበር። አረቄ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ስለዚህ ራሴን ጠጪ ነኝ ብዬ ቆጥሬ አላውቅም። ወይን እኮ ነው! የጨዋ መጠጥ! ከዚያ ቅዳሜው ከረቡዕ ጋር ተገናኘ። ከዚያ ለምን ሬስቶራንት ይበላኛል ብዬ ከሱፐርማርኬት ጠርሙስ እየገዛሁ ቤቴ መውሰድ ጀመርኩ። አንድም ቀን ሰክሬ መንገድ ላይ አልወደቅኩም። ለዚህ ነው ማንም ያላወቀው። ሥራ ማርፈድ፣ ብር መበደር፣ የእናቴን ስልክ አለማንሳት፣ ይህን ሁሉ አደረግኩ። ካቆምኩ 2 ዓመት ከ3 ወር ሆነኝ።

የአራት ኪሎዋ፣ አንቺ እኔ ነሽ እያልኩ አይደለም። አብረውኝ የጀመሩት አራቱ ዛሬም በወር አንዴ ጠጥተው ቤታቸው ይገባሉ። ማን እንደኔ እንደሚሆን ግን ጠረጴዛው ላይ እያለን አይታወቅም ነበር። ሳቆም የከበደኝ ደግሞ መጠጡ ብቻ አልነበረም። ውሃ ሳዝ "ምነው? ጰነጠጥክ እንዴ?" እየተባልኩ መሳቂያ መሆኑ ነው። ሦስት ጓደኛ ያጣሁት በውሃ ነው።

የድሮው ካዛንቺስ
ልጆቼ፣ እኔ 67 ዓመቴ ነው። ካዛንቺስ ዛሬ የማላውቀው ሰፈር ሆኗል፣ በኔ ጊዜ ግን ጠጅ ቤቱንም ቡና ቤቱንም አውቀዋለሁ። ያኔ ወጣት ከታላቁ ፊት መጠጥ አይዝም ነበር። ብርሌ ይዞ የሚቀመጠው የደረሰ ሰው ነው። ይሉኝታ የሚባል ነገር ነበረ። የዛሬው ነገር ገደብ ያጣ ይመስለኛል።

የአራት ኪሎዋ
ጋሼ አክብሬዎት ነው የምጠይቅዎት፣ ያኔ ወጣቱ አይጠጣም ነበር ወይስ ተደብቆ ነበር የሚጠጣው?

የድሮው ካዛንቺስ
ጥሩ ጠየቅሽኝ ልጄ። ተደብቀን ነበር። ሰው ሳያየን ስለምንጠጣ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ነበር የምንጠጣው፣ ያለ ምግብ፣ በባዶ ሆድ። አንድ ወንድም የሚሆነኝ ጓደኛዬ ገና በሠላሳዎቹ ጉበቱ ጨርሶት ሞተ፣ ቤተሰቦቹ የሚጠጣ መሆኑን የሰሙት ሐኪም ቤት ነው። እሱን ሳስብ፣ አንቺ በአደባባይ፣ እራት እየበላሽ አንድ ብርጭቆ መያዝሽ ይሻላል እላለሁ። ይሉኝታ ያልኩትን ግን አልመልሰውም። ለእናትሽ ከሰው አፍ ሳይሆን ካንቺ አፍ ቢሰሙ ጥሩ ነበር።

የአንዋር ሰፈር ልጅ
ቆይ እኔም ልግባ። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ አልጠጣም፣ ለኔ ጉዳዩ ያለቀ ነው፣ ማንንም ግን ለማስቆም አልመጣሁም። እናንተ "ከጓደኞች ጋር፣ ለመጫወት" ትላላችሁ። መሥሪያ ቤታችን ሰው ሲሾም ወይን፣ ሰው ሲሸኝ ወይን፣ ልደት ወይን። ሁሌ ማንጎ ጁሴን ይዤ ጥግ እቀመጣለሁ። ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ወሬው እኔ የማልገባበት ይሆናል፣ ሦስተኛው ላይ "አንቺ እኮ ጥሩ ልጅ ነሽ፣ ሃይማኖትሽ ነው እንጂ" የሚል አይጠፋም። አንድ ዓመት ሙሉ መሄድ አቆምኩ። በኋላ ስሰማ የሥራ ድልድል የተነጋገሩት እዚያ ነው። ከምሬ ነው የምላችሁ፣ ነገሩ የሚጠጣውን ሰው ብቻ አይመለከትም። የማይጠጣው ሰው የት ይቀመጥ?

የፒያሳ ልጅ
ይሄን አስቤው አላውቅም። እኛም ቢሮ አንድ ልጅ አለ፣ ጴንጤ ነው፣ "ግብዣ አይወድም" እያልን ነው የምናልፈው። ጠርተነው ራሱ አናውቅም።

የማኅበር ልጅ
እኔ አሁንም ወይኑን የየሳምንት ባታደርጊው ነው የምመርጠው፣ ሐሳቤን አልቀየርኩም። "በሞቴ" ስለሚባለው ግን ከሁላችሁ ጋር ነኝ። ማኅበር ላይም አይቼዋለሁ። ጠላ አልፈልግም ያለ ሰው እንደ ኩሩ ይቆጠራል። ሰው በራሱ ሞት ሲለምንህ እምቢ ለማለት ድፍረት ይጠይቃል።

ነርስ ነኝ
እኔ ከክሊኒክ ወጥቼ ስዝናና የማደርገውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ እበላለሁ። ከወይኑ ጋር የአምቦ ውሃ አዛለሁ፣ አንዱን ጠጥቼ ወደ አንዱ እሄዳለሁ። መኪና የያዘ ሰው ጭራሽ አይጠጣም፣ ታክሲና ራይድ ሞልቷል። ብርጭቆዬ ሳያልቅ እንዲሞላ አልፈቅድም፣ ምክንያቱም ስንት እንደጠጣሁ መቁጠር የሚያቅተኝ ያኔ ነው። ብዙውን ሳምንት ደግሞ ጭራሽ አልጠጣም።

አስተናጋጁ
ብርጭቆው ላይ እጃችሁን ክደኑበት። እኛ ይገባናል። ጋባዡ ቢቆጣ እንኳ እጅ ላይ አንቀዳም።

የአራት ኪሎዋ
"በሽታም አይደለም" ያልኩትን አንስቻለሁ። ነርሷ ልክ ናት። ነውር አይደለም ያልኩትን ግን አላነሳም፣ ሴት በመሆኔ የተደወለብኝ ስልክ ዛሬም ያናድደኛል።

ትናንት ማታ ለእናቴ ራሴ ደወልኩ። ከማን ጋር እንደነበርኩ፣ ምን እንደበላን፣ ስንት እንደጠጣሁ አንድ በአንድ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና "ቤት ስትገቢ ማን ሸኘሽ?" አለችኝ። ለካ የከበዳት እሱ ነበር። ራይድ ይዘን ሁለት ሆነን እንደገባን ስነግራት ድምጿ ተለወጠ። አርብን ግን አልማረችኝም።

የሚመጣው ቅዳሜ 12 ሰዓት ላይ እዚያው ፒያሳ እንገናኛለን። የአንዋር ሰፈር ልጅ፣ ሳናውቅሽ አንቺንም ጠርተናል። ያቆምከውም ና። እዚያ ጠረጴዛ ላይ "በሞቴ" የሚል ሰው ሒሳቡን በሙሉ ይከፍላል፣ ከፒያሳ ልጅ ጋር ተስማምተናል።

ያቆምኩት
እመጣለሁ። ውሃ ነው የማዘው።

የአንዋር ሰፈር ልጅ
ምግቡ ሐላል የሆነበት ቤት ከሆነ ቦታውን ላኪልኝ።