ቪየና ላይ ጥናት ላቀርብ ነው፤ ስለ ቪዛውና ስለ አቀራረቡ ምከሩኝ

ጥያቄ፦ የጣና ልጅ (ባሕር ዳር)
ሰላም ለሁላችሁ። በጣና ላይ ያለውን እምቦጭ በሳተላይት ምስል ተከታትዬ የሠራሁት ጥናት የአውሮፓ ጂኦሳይንስ ኅብረት በኤፕሪል ቪየና በሚያካሂደው ጉባኤ ላይ እንዲቀርብ ተቀባይነት አገኘ። የተሰጠኝ 8 ደቂቃ ነው፤ ለጥያቄ ደግሞ 2 ደቂቃ። ከአገር ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ቪዛውን መቼ ልጀምር? ምን ልያዝ? ከሁሉ በላይ ደግሞ በእንግሊዝኛ ሲጠይቁኝ አፌ እንዳይያዝ እፈራለሁ።

መልስ፦ አዲስ አበቤው
እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ! ቪዛውን አሁኑኑ ጀምሪ። የሼንገን (ኦስትሪያን ጨምሮ የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ይቻላል፤ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው መግባት አለበት። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ግን ውሳኔው እስከ 45 ቀን ሊፈጅ ይችላል። ክፍያው 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለክሉሽም አይመለስም። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን።

ስምሽን አደራ! በግብዣ ደብዳቤው፣ በሆቴሉና በኢንሹራንሱ ወረቀት ላይ ያለው ስምሽ ከፓስፖርትሽ ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም። ፎርሙ የቤተሰብ ስም ይጠይቅሻል። አንዱ ላይ የአባት፣ ሌላው ላይ የአያት ስም ከሞላሽ ወረቀቶቹ የሁለት ሰው ይመስላሉ።

መልስ፦ መምህሩ (ጎንደር)
የኤምባሲ ሰዎች ማወቅ የሚፈልጉት ትመለሳለች ወይ የሚለውን ነው። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲሽ ደብዳቤ ወሳኝ ነው። የሥራ መደብሽን፣ ደመወዝሽን፣ ፈቃድሽ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነና ወጪሽን ማን እንደሚችል በግልጽ ይናገር። ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ይሁን። ሁለት መስመር ጽፈው እንዳይሸኙሽ ረቂቁን ራስሽ አዘጋጅተሽ ውሰጂላቸው። ቪዛው ሳይወጣ ደግሞ ለቲኬት እንዳትከፍዪ፤ ሳትከፍዪ ቦታ ማስያዝ (ቡኪንግ) ይበቃል።

መልስ፦ የውሃ ባለሙያ
እኔ ስለ አቀራረቡ ልበል። ለ8 ደቂቃ ከ8 ስላይድ አትለፊ። በካርታ ጀምሪ። አዳራሹ ውስጥ ጣናን የማያውቅ ብዙ ነው። የዓባይ መነሻ እንደሆነ፣ ወደ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር እንደሚሰፋ፣ እምቦጩ በ2011 እ.ኤ.አ. እንደታየ ተናግረሽ በቀጥታ ወደ ምስሎችሽ ግቢ። የዘዴውን ዝርዝር አታብዢው።

ጥያቄዎቹን ከወዲሁ መገመት ይቻላል። አንዱ፣ በክረምት ደመናው ሐይቁን ሲሸፍነው ምን አደረግሽ? የሚል ነው። ሌላው፣ እምቦጩን ከደንገሉና ከፎገራ የሩዝ ማሳ በምን ለየሽው? ሁሉም አረንጓዴ ነውና ይህን መጠየቃቸው አይቀርም። ለእያንዳንዳቸው አንድ ስላይድ ሠርተሽ ከመጨረሻው ስላይድ በኋላ አስቀምጪ። ሲጠይቁሽ ገልጠሽ ታሳያለሽ፤ ግማሹን መልስ ምስሉ ይሰጥልሻል። ጥያቄው ካልገባሽ እንዲደግሙልሽ ጠይቂ፤ ማንም አይታዘብሽም። እዚያ ካለው ሰው ውስጥ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው ያልሆነ ብዙ ነው። ስልክሽ ላይ ሰዓት ሞልተሽ፣ ቆመሽ፣ ድምፅሽን አውጥተሽ ተለማመጂ። በልብ ማንበብ ልምምድ አይደለም። እምቦጩን በዓይንሽ እያየሽ የሠራሽ አንቺ ነሽ፤ ይህን ደግሞ በኩራት ንገሪያቸው።

የጣና ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የሩዙን ነገር ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር፤ ዛሬ ማታ እሠራዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ጉባኤው ዐቢይ ጾም ላይ ነው የሚውልብኝ። ምን እበላለሁ?

መልስ፦ ነዋሪ በቪየና
አይዞሽ፣ አትራቢም። ቪጋን የሚል ምልክት ያለበትን ምረጪ፤ ወተትም እንቁላልም የለውም። ፋላፌል እንደሆነ በየመንገዱ አለ። የቧንቧው ውሃ ከተራራ ምንጭ የሚመጣ ነው፤ ያለ ሐሳብ ጠጪው። ጉባኤው አውስትሪያ ሴንተር በሚባለው የስብሰባ ማዕከል ከሆነ በዩ1 ሜትሮ ካይዘርሙህለን ላይ ትወርጃለሽ። ሆቴልሽንም በዚያው መስመር ያዢ፤ መሀል ከተማ ካለው ብዙ ጊዜ ይረክሳል። በኤፕሪል ጠዋት ጠዋት ይበርዳል፤ ጃኬት ያዢ።