የጎንደር የቀድሞ ተማሪዎች ግሩፕ፦ የሰኔው ስልጠና ዕቅድ፣ እስከ ዓርብ መግባት አለበት

ሰብሳቢው፦ ካዝናው ላይ ያለው 40 ሺህ ነው። ሀሳቡ ያው ነው፣ ለተመራቂዎች የ3 ቀን ስሜታዊ ብልህነትና ስብዕና ስልጠና፣ የመውጫ ፈተናው ሳይደርስ።

ባንከሩ፦ ርዕሱ አልተስማማኝም። ስሜታዊ ማለት እኮ በኛ አነጋገር ቶሎ የሚግል ሰው ነው። ባነር ላይ ጽፈን ፒያሳ ልንሰቅለው ነው?

የማራኪዋ፦ የስሜት ብልህነት በለው በቃ

ባንከሩ፦ የስሜት ብልጠትስ?

ጋሽ ጤና መኮንን፦ ብልጠት ከተባለ እኔ አልፈርምም። ብልጥ ማለት የሰው የሚበላ ነው። እኛ ቲቲፒ፣ የጤና ተማሪዎች በቡድን የሚወጡበት የተግባር ልምምድ፣ ስንወጣ ነርሱም ላቦራቶሪውም ሳኒቴሪያኑም ጤና ጣቢያ አብረን ሠርተን አንድ ቤት አድረን፣ ወጥ ማን ይሥራ ብለን ተጣልተን ታርቀን ነው ከሰው መሥራት የተማርነው። የአካውንቲንጉ ልጅ ይሄን የት ያገኛል? ዕቅዱ ለሱ ነበር።

ባንከሩ፦ እሺ ስሙስ?

የማራኪዋ፦ ኧረ ስሙን ተወው! ባለፈው ሳምንት ኢንተርቪው ያደረግኩት ልጅ ግሬዱ 3.8 ነው፣ ግሩፕ ወርክ ላይ ተጋጭተህ ታውቃለህ ስለው የሲቪውን ጥግ እየጠቀለለ "እኔ ከማንም አልጣላም" ብሎ ዝም፣ በሌላ መንገድ ብጠይቀውም ያው። የተሰማውን በቃል ማውጣት ማንም አላስተማረውም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሳሎቬይና ሜየርም በ1990 እ.ኤ.አ. የጻፉት ይሄንኑ ነው፣ የራስንም የሰውንም ስሜት ለይቶ ማወቅና በሱ መመራት። ስብዕና ግን ለብቻው ነው፣ ዝምተኛውን በ3 ቀን ተጫዋች እናደርጋለን ካልን ዋሸን፣ ደግሞም ተመራማሪዎች ስብዕናን ከሚከፍሉባቸው አምስት ባህርያት በየሥራው ሁሉ የሚጠቅመው ጥንቃቄና የጀመሩትን መጨረስ እንጂ ተጫዋችነት አይደለም።

ባንከሩ፦ ብሩ ከኪሳችን የወጣ ነው፣ ስሙ ካላማረ ማን ይመጣል

የማራኪዋ፦ አምናም በቲሸርት ከለር ሁለት ሳምንት ፈጅተህብናል

ባንከሩ፦ ሀሳቤን ተቺ እንጂ እኔን አትዝለፊኝ።

የማራኪዋ፦ ይቅርታ፣ የልጁ ነገር አናዶኝ ነው።

ሰብሳቢው፦ መጠይቁን አዘጋጃለሁ ያለው የአዘዞው ልጅ የት ገባ?

ሰብሳቢው፦ ስልኩም አይነሳም።

የቀበሌ 18ቱ፦ ሲቪ አጻጻፍና የኢንተርቪው ልምምድ ብቻ ይሁን፣ አንድ ቀን ይበቃል፣ ስሙም አያጣላም። ሰርተፍኬት ይኑረው።

ባንከሩ፦ "ለሥራ ዝግጅት"። ይሄ ያምራል።

ጋሽ ጤና መኮንን፦ የአብሮ መሥራቱ ልምምድስ?

ሰብሳቢው፦ አንድ ሰዓት እንስጠው ጋሼ፣ ከሰርተፍኬቱ በፊት።

ጋሽ ጤና መኮንን፦ 3 ቀን የነበረው?

የማራኪዋ፦ ሰዓቷን እኔ እይዛታለሁ ጋሼ፣ እርስዎ የወጡን ጠብ ይንገሩልኝ። ብቻ ከምሳ በኋላ አታድርጉት፣ ልጆቹ ይተኛሉ።