የችግረኞች ሳጥን፦ ቅድሚያ ለወንድም ወይስ ለጎረቤት?

ጠያቂው
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ጨንቆኝ ነው። እኛ ቤተ ክርስቲያን የችግረኞች ሳጥን አለ። ባለፈው ሲቆጠር 38,000 ብር ገደማ ተገኘ። ሁለት ጥያቄ ቀርቧል። አንዱ የአንድ ወንድማችን ነው። ከሥራ ከወጣ አምስት ወሩ፣ የሦስት ወር ኪራይ አለበት፣ አከራዩ ልቀቅ ብሎታል። ሁለተኛዋ በራችን ላይ ሻይ የምትሸጥ ሙስሊም እናት ናት። ኩላሊቷን ታማ በሳምንት ሁለቴ እጥበት ትሄዳለች። ብሩ ለሁለቱም አይበቃም። ኮሚቴው ተከፋፍሏል። ገላትያ 6፥10 «ለሰው ሁሉ» ይልና ወዲያው «ይልቁንም ለሃይማኖት ቤተ ሰዎች» ይላል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

የድሮ ሒሳብ ያዥ
ጥቅሱን ራስህ ጠቀስከው፤ ምን ቀረ? «ይልቁንም» ማለት ቅድሚያ ማለት ነው። እኔ እንዲህ ያለ ሳጥን ለስድስት ዓመት ይዣለሁ፤ ነገሩን ከመድረክ ሳይሆን ከደብተር ነው የማውቀው። ለሁሉም እንድረስ ያልን ጊዜ የራሳችን አንዲት አሮጊት ጓዳቸው ባዶ ሆኖ ሦስት ወር ዝም ብለው ከረሙ። ማንም አልጠየቃቸውም። እሳቸው ደግሞ አፍረው አልተናገሩም። ለውጭ ሰው መስጠት ደስ ይላል፣ ፎቶም ይነሣበታል። የሐዋርያት ሥራ 11ን አንብቡ። ረሃቡ በዓለም ሁሉ ነው የመጣው፤ የአንጾኪያ ሰዎች ግን እርዳታ የላኩት በይሁዳ ላሉት ወንድሞች ነው። ፍቅር አልነበራቸውም እንበል?

ወሎዬው
ሻይዋን ስትጠጡ ሃይማኖቷን ጠይቃችሁ ነበር? 😀 እኛ ጋ ሠርግ ሲሆን ሁለት በሬ ይጣላል። አንዱን ክርስቲያን ያርዳል፣ አንዱን ሙስሊም። ድስቱም ጭልፋውም ለየብቻ ነው። አንዱ የሌላውን ሥጋ አይነካም፤ ሳይበላ የሚሄድ ጎረቤት ግን የለም። ደጋሹ «መጀመሪያ የኛዎቹ ይብሉ» ቢል በማግስቱ ሰፈር መውጣት አለበት።

የድሮ ሒሳብ ያዥ
ወሎዬው፣ ድግስ ላይ ሁለት በሬ አለ። እዚህ ያለው አንድ ነው። ጥያቄውም እሱ ነው።

ታሪክ ወዳድ
አንድ ነገር ልጨምር። ክርስትናን ትቶ ወደ ጣዖት የተመለሰው የሮም ንጉሥ ዩልያኖስ በ362 ዓ.ም. ገደማ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ለአንድ የጣዖት ሊቀ ካህናት ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ክርስቲያኖችን «ገሊላውያን» እያለ ነው የሚጠራቸው፣ አይወዳቸውም። ቅሬታው ግን ይገርማል፤ የራሳቸውን ድሆች ብቻ ሳይሆን የኛንም ይመግባሉ፣ ይህ ለእኛ ውርደት ነው ይላል። ደብዳቤው የተላከው የት ይመስላችኋል? ገላትያ! ጳውሎስ «ይልቁንም» ብሎ የጻፈላት አገር። ከ300 ዓመት በኋላ የዚያች አገር ካህን የተነገረው ክርስቲያኖች የሌላውን ድሃ እንደሚመግቡ ነው።

የድሮ ሒሳብ ያዥ
ጥሩ አመጣህ። ግን «የራሳቸውን ብቻ ሳይሆን» ነው ያለው አይደል? የራሳቸው ጠግበዋል ማለት ነው። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ቀጥተኛው
ሁላችሁም ስለ ሆድ ብቻ ታወራላችሁ። የእጥበቱን ብር ሰጥታችሁ ስለ ክርስቶስ ካልነገራችኋት ምን ወደዳችኋት? እርዳታው በር ይክፈት፣ ወንጌሉ ይግባ።

ሰንበት ተማሪ
ቀጥተኛው፣ እዚህ ላይ አልስማማም። በአገራችን «በስንዴና በዘይት ሃይማኖት ያስቀይራሉ» የሚለው ወቀሳ ከየት የመጣ ይመስልሃል? የታመመች ሴት ማሽን ላይ ተኝታ እምቢ ማለት ትችላለች? እምቢ ማለት ለማይችል ሰው መስበክ ስብከት አይባልም። መንገር ከፈለግክ ብሩ ከተከፈለ በኋላ፣ ሌላ ቀን፣ እሷ ስትጠይቅህ ንገራት። እኛ ደጀ ሰላም ላይ ለነዳያን ስንሰጥ ሃይማኖት አንጠይቅም። «ስለ እመቤቴ» ካለ ይሰጠዋል፤ ዝም ካለም ይሰጠዋል።

ሌላው ደግሞ፣ ሉቃስ 10ን ሁልጊዜ የምናነበው ሰጪዎቹ እኛ እንደሆንን አድርገን ነው። ታሪኩ ውስጥ ግን ዘይትና ወይን ያፈሰሰው፣ ሁለት ዲናር የከፈለው ሳምራዊው ነው፤ ባዕዱ ሰው። ጠያቂው፣ ይህቺ እናት ለእናንተ ሰዎች አድርጋ የምታውቀው ነገር የለም?

ጠያቂው
አለ እንጂ። የዱቤ ደብተር አላት፣ ጠርዙ ሻይ የጠጣ። የመዘምራኑ ስም ሞልቶበታል። እውነቱን ለመናገር እኔም አለሁበት። አሁን ትዝ ሲለኝ ያ ሥራ የፈታው ወንድምም አለ። ጠዋት ጠዋት ሻይና ብስኩት እሷ ጋ ነው የሚቀምሰው። አምስት ወር ሙሉ አንድ ቀን «ክፈል» ስትለው አልሰማሁም።

ወሎዬው
በቃ! ተዘጋ!

የድሮ ሒሳብ ያዥ
አልተዘጋም። ይህ ምጽዋት አይደለም፣ ዕዳ ነው። ዕዳ ከሳጥን አይከፈልም፣ ከኪስ ነው የሚከፈለው። መጀመሪያ መዘምራኑም አንተም ደብተሩን ዝጉ። ሴትዮዋ የገዛ ገንዘቧ እናንተ እጅ ላይ እያለ እርዳታ ጠያቂ አድርጋችኋታል።

ሰንበት ተማሪ
ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሒሳብ ያዡ ጋር ተስማማሁ።

የገጠር ልጅ
እኔ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አባቴ ጴንጤ ነበር፣ በሰፈራችን ብቸኛው። ሲሞት ከዕድር ተሰርዞ ነበር፣ የሚቀበርበትም ጠፋ። ሁሉም ክርስቲያኖች ናቸው፣ ግን «የኛ ሰው አይደለም» አሉ። ሬሳውን ተሸክመው መቃብሩን የቆፈሩት ሁለት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ናቸው። «የሃይማኖት ቤተ ሰዎች» ሲባል ያ ቀን ነው ትዝ የሚለኝ። ዝርዝሩን ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው የሚጽፈው።

ቀጥተኛው
ነፍስ ይማር ወንድሜ። ያ ግፍ ነው፣ አልከራከርህም። የቅድሚያው ጥያቄ ግን አሁንም አልተመለሰም።

ጠያቂው
ትናንት ማታ ተሰብስበን ነበር። ኪራዩን ከሳጥኑ እንክፈል፣ ከሱ የሚተርፈው ለእጥበቱ ይሁን ተባለ። ለአራት ጊዜ እንኳ አይደርስም። ዱቤውን ግን እያንዳንዱ ከኪሱ እስከ እሑድ እንዲከፍል ስም ዝርዝር ለጥፈናል፤ የኔ 640 ብር ወጣ። አንድ ሽማግሌ ተቆጥተው ወጥተዋል፤ «ቅዱሳን ይራቡ?» እያሉ። አሁን የቀረው ቅጹን መሙላት ነው። «የአባልነት ቁጥር» የሚል ቦታ አለው፣ ያለሱ ደግሞ ሒሳብ ክፍሉ አይቀበልም። እዚያ ላይ ምን ይጻፋል?

የድሮ ሒሳብ ያዥ
ሰረዝ አድርግበት። ከጎኑ ፈርም።