ኤስተር ሌዴትስካ በስኪም በስኖውቦርድም?

ጥያቄ፦ ሰላም ቤተሰብ። ቼካዊቷ ኤስተር ሌዴትስካ የስኖውቦርድ (በአንድ ሰፊ ጣውላ ላይ ቆሞ በበረዶ መንሸራተት) ተወዳዳሪ አይደለችም እንዴ? ታዲያ በስኪ (በሁለት ቀጫጭን ጣውላዎች መንሸራተት) እንዴት ወርቅ አገኘች?

መልስ፦ ሁለቱንም ትወዳደራለች። በ2018 የፒዮንግቻንግ የክረምት ኦሎምፒክ ላይ፣ ሱፐር-ጂ በሚባለው የስኪ ቁልቁለት ውድድር ኦስትሪያዊቷን አና ፋይትን የቀደመቻት በ0.01 ሰከንድ ነው! ኤስተር የውጤት ሰሌዳውን አይታ ደርቃ ቀረች፤ ስህተት መስሏት ነበር። ያን ፊቷን መቼም አልረሳውም። ጋዜጣዊ መግለጫው ላይም የበረዶ መነጽሯን አላወለቀችም፤ ሜካፕ ስላልተቀባች። እንዲህ እሆናለሁ ብላ መች አሰበች! በሳምንቱ በስኖውቦርድ ደገመችው።

ጠያቂ፦ ወይ ጉድ! ከዚያስ?

ሌላ መልስ፦ በ2022 የቤይጂንግ ኦሎምፒክ ላይ የስኖውቦርድ ወርቋን አስጠበቀች። እኔ የምወድላት ግን ሌላ ነው። ልጅ ሳለች አሰልጣኟ አንዱን ምረጪ ሲላት፣ ሁለቱንም ካልሆነ ሌላ አሰልጣኝ እፈልጋለሁ አለችው።